ሞተሩ ነው ወይስ ፕሮፔለሩ? የትንሽ አውሮፕላን ንዝረት ምንጩ እንዴት ይገኛል

ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ ፕሮፔለሩን ባላንስ ማስደረግ፣ ማለትም ትንሽ ክብደት አስሮ ሚዛኑን ማስተካከል ነው። በቅደም ተከተል ግን ከሁሉ በኋላ መምጣት ያለበት ሥራ ይኸው ነው። ባላንስ ጤነኛ ሞተርና ጤነኛ ፕሮፔለር ላይ የቀረችውን ትንሽ ንዝረት ያጠፋል። የስፒነሩ (ፕሮፔለሩ መሀል ላይ ያለው ሾጣጣ ክዳን) መያዣ ሰሌዳ በተሰነጠቀበት፣ የሞተር መያዣ ጎማው በደከመበት ወይም አንዱ ሲሊንደር በግማሽ ኃይል በሚሠራበት አውሮፕላን ላይ ክብደት ቢታሰር ምልክቱ ለጥቂት የበረራ ሰዓት ይደበዝዛል፤ ብልሽቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ መቁጠር፣ ቀጥሎ ነዳጅና እሳት፣ ከዚያ መያዣዎችና ፕሮፔለር፣ ባላንስ በመጨረሻ።

መጀመሪያ መቁጠር

ንዝረት የሚደጋገም ግፊት ነው። በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ከታወቀ የሚገፋው ማን እንደሆነ ግማሹ ተፈትቷል። ሴስና 172 ላይ በብዛት የሚገኘውን ባለ አራት ሲሊንደር የላይካሚንግ ሞተር እንውሰድ። በደቂቃ 2400 ዙር ሲሠራ በሴኮንድ 40 ጊዜ ይዞራል። ፕሮፔለሩ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በቀጥታ ስለታሰረ እሱም 40 ይዞራል። ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ ፕሮፔለር በየዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚጎትት ንዝረቱ በሴኮንድ 40 ይሆናል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ አንዴ ያቃጥላል፤ አራቱ ሲደመሩ በአንድ ዙር ሁለት ምት፣ በሴኮንድ 80 ምት ይሰጣሉ። ይህ 80 ጤነኛ ሞተር ላይም አለ። ከአራቱ አንዱ ከደከመ ግን ጉድለቱ በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚመጣ በሴኮንድ 20 የሚቆጠር ንዝረት ይወለዳል። 20 ዝግ ያለ ስለሆነ ሰውነት በደንብ ይለየዋል፤ ሞተሩ የሚያነክስ ይመስላል።

ግራ የሚያጋባው 80 ነው። ባለ ሁለት ብሌድ ፕሮፔለር በየዙሩ ሁለት ጊዜ ኮፈኑንና የፊት መስታወቱን በአየር ስለሚመታ የእሱም ቁጥር 80 ነው፤ ከሞተሩ ምት ጋር ይደራረባል። በቀላል አውሮፕላኖች ላይ በሚገኘው በሮታክስ 912 ሞተር ላይ ይህ ችግር የለም። ባለ 100 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር በመካከሉ 2.43 ለ 1 የሚቀንስ ጊር ስላለው ሞተሩ 5000 ሲዞር ፕሮፔለሩ 2058 ብቻ ይዞራል። የሞተሩ ቁጥር በሴኮንድ 83፣ የፕሮፔለሩ 34 ይሆናል፤ ሁለቱ አይምታቱም። በዚህ ሞተር ላይ ንዝረቱ ዝቅተኛ ዙር ላይ ብሶ ከፍ ሲል የሚሻል ከሆነ ሁለቱ ካርቡራቶሮች እኩል አለመከፈታቸውን ቀድሞ መጠርጠር ነው።

ስልክን ወለሉ ላይ አጥብቆ አስሮ የንዝረት መተግበሪያ መክፈት አሁን የተለመደ ሆኗል፤ ይጠቅማልም። ወጥመድ ግን አለው። ብዙ ስልኮች እንቅስቃሴን በሴኮንድ 100 ጊዜ ያህል ይለካሉ። በዚህ ፍጥነት በትክክል ሊታይ የሚችለው እስከ 50 ያለው ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ታጥፎ ወደ ታች ይመለሳል። 80 የነበረው ከ100 ተቀንሶ 20 ሆኖ ግራፉ ላይ ሊወጣ ይችላል። 20 ደግሞ የደከመ ሲሊንደር ምልክት ነው! ጤነኛ ሞተር ታመመ ተብሎ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) የሚፈታበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ዙሩን ከ2400 ወደ 2300 አውርዱ። እውነተኛው 20 ወደ 19 ይወርዳል። ሐሰተኛው ግን ወደ 23 ይወጣል፤ ምክንያቱም 80 የነበረው ወደ 77 ወርዷል፣ ከ100 ሲቀነስ 23 ይቀራል።

ሌላው መለያ በረራ ላይ ነው። በቂ ከፍታ ላይ፣ ማረፊያው ቅርብ ሆኖ፣ የአየር ፍጥነቱን ሳይቀይሩ ዙሩን መቀነስ፤ ቀጥሎ ዙሩን ሳይቀይሩ ፍጥነቱን መቀነስ። ንዝረቱ ከዙሩ ጋር ከተለወጠ ነገሩ ከሞተርና ፕሮፔለር አይወጣም። ከአየር ፍጥነቱ ጋር ከተለወጠ የላላ የጎማ ሽፋን፣ አንቴና፣ የበር ጠርዝ ወይም መሪ ክንፎች ናቸው። መሪው ራሱ እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሙከራው እዚያው ይቆማል፤ ፍጥነት ቀንሶ ማረፍ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ቀድሞ የሚጠረጠረው

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2334 ሜትር ላይ ነው፤ ፒያሳ ደግሞ ከቦሌ ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተንሳፋፊ ያለው ተራ ካርቡራቶር የአየሩን መሳሳት በራሱ አያስተካክልም። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዚያው መጠን ስለማይቀንስ ቀዩ የሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ቅልቅል ማስተካከያ) እጀታ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ከተተወ ቅልቅሉ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሆነው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይበዛል። ባሕር ዳርቻ ላይም ቢሆን ሙሉ ሚክስቸር ሆን ተብሎ ነዳጅ የበዛበት ነው። በላዩ ይህ ሲጨመር ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሚኒሞ ላይ ይንገዳገዳል። የብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች መመሪያ ከ3000 ጫማ፣ ማለትም ከ914 ሜትር በላይ ሚክስቸሩ እንዲሳሳ (ነዳጁ እንዲቀንስ) የሚያዘው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ገና መሬት ላይ ሳለን ከዚያ ከእጥፍ በላይ ከፍ ብለናል።

ስለዚህ ማንኛውም መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ይህ ይሞከር። ሞተሩ ይሙቅ፣ ዙሩ 1700 ላይ ይቁም፣ ሚክስቸሩ በዝግታ ይጎተት። ዙሩ መጀመሪያ ይጨምራል፣ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። መውረድ ሲጀምር እጀታውን ጥቂት ወደ ውስጥ መመለስ። ሞተሩ በዚህ ብቻ ከለሰለሰ ብልሽት የለም፤ ብልሽት የመሰለው የእጀታው አቀማመጥ ነበር። ከቦታ ቦታ ሲነዳም ሚክስቸሩ በጣም ይሳሳ፤ አብራሪው ረስቶ ለመነሳት ትሮትሉን (የኃይል እጀታውን) ቢገፋ ሞተሩ እንቢ የሚልበት ድረስ። ግማሽ በግማሽ ማሳሳት አደገኛ የሚሆነው እስኪነሳ ድረስ ሳይታወቅ ስለሚያልፍ ነው።

ቅልቅል በዝቶበት ለረጅም ጊዜ ሚኒሞ ላይ የቆየ ሞተር ሌላ ችግር ያፈራል። 100 ኤልኤል የተባለው የአቪዬሽን ቤንዚን እርሳስ አለበት። ካንዴላው በበቂ ካልሞቀ እርሳሱ ትናንሽ ጠጣር ፍሬ እየሠራ በተለይ የታችኞቹን ካንዴላዎች ይደፍናል። አንድ ካንዴላ ሲደፈን ያ 20 የሚቆጠር ማነከስ ይመጣል።

በክረምት ደግሞ በረዶ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የከተማው አየር ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። አየር በካርቡራቶሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍና ቤንዚኑ ሲተን ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ስለሚችል ውጭው 15 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ በረዶ ይሠራል። የካርቡራቶር ማሞቂያው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሞተሩ መጀመሪያ ብሶበት ከዚያ ከተሻለው በረዶው ቀልጦ አልፏል ማለት ነው። ባሰበት ብሎ ማሞቂያውን ቶሎ መዝጋት የተለመደ ስህተት ነው።

ማግኔቶ፣ ካንዴላ፣ ቫልቮላ

ሚክስቸሩ ተስተካክሎም ማነከሱ ካልጠፋ ወደ እሳቱ ነው። ሞተሩ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሁለት ማግኔቶዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ። አንዱ ማግኔቶ ሲጠፋ ዙሩ ይወርዳል። በሴስና 172ኤን ላይ ፈተናው 1700 ዙር ላይ ሆኖ የሚፈቀደው መውረድ እስከ 125፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 50 ነው። ሌላ ሞዴል ሌላ ቁጥር ስላለው የየራሱ መመሪያ ይታይ። ከቁጥሩ ይልቅ የአወራረዱ ጠባይ ይናገራል። ዙሩ በብዛት ወርዶ ሞተሩ ግን ለስላሳ ከሆነ ማግኔቶው እሳት የሚሰጥበት ሰዓት ወይም ቅልቅሉ ነው። ትንሽ ወርዶ የሚንገዳገድ ከሆነ አንድ ካንዴላ ወይም ገመዱ ሞቷል።

የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩን በሚያነክስበት ማግኔቶ ላይ ብቻ ለግማሽ ደቂቃ አሠርቶ ማጥፋትና የአራቱን የጭስ ቱቦዎች ሙቀት ወዲያውኑ ከየቴስታታው አጠገብ በኢንፍራሬድ መለኪያ ማንበብ ይበቃል። ቀዝቃዛው ራሱን ያጋልጣል። ካንዴላው ሲወጣ ዘይት የነካው፣ እርሳስ የያዘው ወይም ሴራሚኩ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። መልኩ ንጹሕ ሆኖ የማይሠራም አለ፤ የውስጥ ተቃውሞው በኦም ሜትር ሲለካ ከ5000 ኦም ካለፈ ይቀየር። የተለመደው ክፍተት ከ0.4 እስከ 0.53 ሚሊ ሜትር ነው። ወለል ላይ የወደቀ ካንዴላ ደህና ቢመስልም አይመለስም።

ካንዴላው ደህና ከሆነ የኮምፕረሽን ፈተና ይቀጥላል። ሞተሩ እንደሞቀ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገባና ምን ያህሉ እንደተያዘ ይነበባል። ከንባቡ ይልቅ ጆሮ ይሻላል። በጭስ መውጫው የሚሰማ ፉጨት የጭስ ቫልቮላው አይዘጋም ማለት ነው፤ በአየር ማስገቢያው ከሆነ የማስገቢያው ቫልቮላ፤ በዘይት መሙያው ከሆነ የፒስተን ቀለበቶቹ። በዚህ ጊዜ ፕሮፔለሩን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ 80 ፒኤስአይ በድንገት ሊያዞረው ይችላል።

ላይካሚንግ ላይ አንድ የሚታወቅ ጠባይ አለ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ አንክሶ ሲሞቅ ፍጹም ደህና ይሆናል። ብዙ ሰው «ብርዱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ የጭስ ቫልቮላው በመሪ ቱቦው ውስጥ በተቃጠለ ዘይት ተይዞ ነው። ተከታዩ ደረጃ ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ ተጣብቆ የሚገፋው ዘንግ መጉበጥ ነው፤ ያ ደግሞ አየር ላይ ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒውም አለ፤ ሚኒሞ ላይ ተንገዳግዶ ከፍተኛ ኃይል ላይ የሚለሰልስ ሞተር። ይህ የአየር ማስገቢያ ቱቦው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሲተነፍስ ነው። ሚኒሞ ላይ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ያልተፈለገ አየር ይሳባል፤ ትሮትሉ ሲከፈት መሳቡ ያቆማል። መጋጠሚያው ላይ ሰማያዊ የቤንዚን ቀለም ከታየ ምርመራው አለቀ።

መያዣው ሲደክም

የሞተር መያዣ ጎማ ንዝረት አይፈጥርም፤ በር ይከፍታል። ጎማው በዘይት ሲለሰልስ ወይም በዕድሜ ሲጠጥር ሞተሩ ሁልጊዜም የነበረውን ንዝረት ወደ ካቢን ያሳልፋል። ስለዚህ ካቢን ውስጥ ያለው ብዙ፣ ሞተሩ ራሱ ላይ የተለካው ግን ትንሽ ከሆነ ፕሮፔለሩን መንካት ከንቱ ድካም ነው። በስፒነሩና በኮፈኑ መካከል ያለው ክፍተት ከላይና ከታች ሲታይ ሞተሩ ምን ያህል እንዳጎነበሰ ይናገራል። ከዚያ ኮፈኑ ወርዶ የተፋቀ ቦታ ይፈለግ፦ የጭስ ቱቦው ኮፈኑን የነካበት፣ የማቀዝቀዣ ቱቦ የተወጠረበት፣ የትሮትል ገመድ ጠንክሮ የታሰረበት። አንዲት የንክኪ ቦታ አዲስ ጎማዎችን ዋጋ ታሳጣለች። ጎማው ሲቀየር የላይኛውና የታችኛው ቁራጭ አንድ ላይሆን ስለሚችል የክፍል ቁጥሩ ከሥዕሉ ጋር ይመሳከር፤ ተገልብጦ የገባ ጎማ በሳምንታት ውስጥ ይጎብጣል።

ፕሮፔለሩ

ፕሮፔለር ከመነካቱ በፊት ቁልፉ ይውጣ፣ ሚክስቸሩ ይጎተት፣ ትሮትሉ ይዘጋ፣ የማረፊያ ጎማው ይታገድ። ይህም ሆኖ እንደሚነሳ ተቆጥሮ ይያዝ፤ ማግኔቶውን የሚያጠፋው ሽቦ ከተበጠሰ ቁልፉ ጠፍቶም ማግኔቶው ሕያው ነው።

መጀመሪያ ብሌዶቹ በአንድ መስመር መሄዳቸው ይለካ። ከየሲሊንደሩ አንድ ካንዴላ ይውጣ፤ ዙሩ ይቀልላል፣ አደጋውም ይቀንሳል። ከታች ባለው የብሌድ ጫፍ ሥር፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት ትቶ የማይነቃነቅ ጣውላ ይቀመጥና የጫፉ መስመር በእርሳስ ምልክት ይደረግበት። ፕሮፔለሩ በእጅ ዞሮ ሁለተኛው ብሌድ እዚያው ሲደርስ እንዲሁ ይደረግ። ለትንንሽ የብረት ፕሮፔለሮች የተለመደው ወሰን 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ለእንጨት 3.2 ነው። ከዚያ ካለፈ ብሌዱ ጎብጧል፣ ወይም በፍላንጁ (ፕሮፔለሩ የሚታሰርበት የክራንክ ሻፍት ጫፍ) ላይ ቆሻሻ አለ፣ ወይም ፍላንጁ ራሱ ተጣሟል። ፕሮፔለሩ መሬት ነክቶ ከሆነ የመጨረሻው ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ወደ ሞተር ምርመራ ያድጋል። የጎበጠ ብሌድ ሀንጋር ውስጥ አይቃናም።

በእንጨት ፕሮፔለር ላይ የኛ ወቅቶች ይታያሉ። በክረምት አንዱን ብሌድ ወደ ታች አድርጎ ያቆመ አውሮፕላን እርጥበቱ ወደ ታችኛው ብሌድ ይወርድና ሚዛኑ ይዛባል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አግድም ይቁም። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ እንጨቱ ደርቆ ይኮማተራል፣ የቡሎኖቹ ጥብቀት ይላላል። ጥቅምት ላይ በቶርክ መፍቻ መፈተሽ ተገቢ ነው።

ስፒነሩ ይውጣ፣ የኋላ ሰሌዳው በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ በብርሃንና በአጉሊ መነጽር ይታይ። ከዚያ ያለ ስፒነር መሞከር፣ መመሪያው ከፈቀደ፣ ርካሽ ፈተና ነው። ሌላው ርካሽ ፈተና ባለ ሁለት ብሌዱን ፕሮፔለር ፈትቶ 180 ዲግሪ አዙሮ መመለስ ነው። በመለኪያው ላይ ከባዱ ጎን ከፕሮፔለሩ ጋር ከዞረ ጥፋቱ የፕሮፔለሩ ነው፤ በቦታው ከቀረ ደግሞ የፍላንጁ ወይም ከኋላው ያለው የሞተር ማስነሻ ጥርስ ነው።

አሁን ባላንስ

ከሜክሲኮ እስከ ተክለ ሃይማኖት ባሉት ጎሚስታ ቤቶች ጎማ ላይ እርሳስ ሲለጠፍ ያየ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል። ልዩነቱ ኃይሉ ነው። ከመሀል 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ የታሰረ 10 ግራም በ2400 ዙር 9.7 ኪሎ ያህል ሆኖ ይጎትታል። ስለዚህ በማጣበቂያ የሚለጠፍ የጎማ እርሳስ እዚህ ቦታ የለውም፤ ከሶማሌ ተራ የተገዛ የመኪና ቡሎንም መጠኑ ልክ ቢሆን እንኳ አይገባም። ወረቀት ያለው የአውሮፕላን ቡሎን፣ ሮንዴላና ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ነው የሚታሰረው፤ የሚታሰረውም አምራቹ በፈቀደው ቀዳዳ ብቻ። ሥራውን ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን ይፈርምበታል።

የንዝረት መለኪያው ጫፍ ሞተሩ ላይ ከፊት፣ ለፕሮፔለሩ በጣም በቀረበው ቡሎን ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይታሰራል። አንዱ ብሌድ ጀርባ ላይ አንጸባራቂ ቴፕ ተለጥፎ የብርሃን ዳሳሽ በየዙሩ ያየዋል። ኮፈኑ ይዘጋ፣ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዙር። ነፋሱ በሰዓት ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ንባቡ ስለሚዋዥቅ ጠዋት ቢሠራ ይመረጣል። ሞተሩ በጉዞ ዙር ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይሠራና ይነበባል። የሲሊንደር ሙቀቱ ላይ ዓይን ይኑር፤ በከፍታችን ቀጭኑ አየር ቆሞ የሚሠራ ሞተርን በደንብ አያቀዘቅዝም።

ንባቡ በኢንች በሴኮንድ ነው። ከ0.2 በታች ተቀባይነት አለው፤ ጥሩ ሥራ 0.07 እና ከዚያ በታች ያደርሰዋል። 1.2 ካለፈ ፕሮፔለሩ ወርዶ መጀመሪያ በቆመበት ሚዛን ይደረግ፤ በዚያ ደረጃ ላይ ክብደት መጨመር ሌላ ብልሽት መሸፈን ነው። 0.2 በዓይን ምን ያህል ነው ቢባል፣ በ2400 ዙር ሞተሩ ወደ እያንዳንዱ ጎን የሚንቀሳቀሰው 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ቀጥሎ የታወቀ የሙከራ ክብደት ታስሮ እንደገና ይለካል፤ መሣሪያው ከሁለቱ ንባቦች ልዩነት መጠኑንና አቅጣጫውን ያሰላል። 18 ግራም በ210 ዲግሪ ላይ ቢልና በዚያ ቦታ ቀዳዳ ባይኖር፣ ግን 195 እና 225 ላይ ቢኖር፣ በእያንዳንዱ 9 ግራም ሳይሆን 9.3 ይታሰራል፤ ሁለቱ ትንሽ ወደ ጎን ስለሚጎትቱ ጥቂቱ ይባክናል። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን ለዚህ በቂ ነው። ቡሎኑ፣ ሮንዴላውና ዳዶው አብረው ይመዘኑ። ሦስት ጊዜ ታስሮ ንባቡ አልወርድ ካለ፣ ወይም በእያንዳንዱ ሩጫ አቅጣጫው ከተቀያየረ፣ የሆነ ነገር ላልቷል፤ ወደ ስፒነሩና ወደ መያዣዎቹ መመለስ ነው።

ባላንስ የማይነካው አንድ ንዝረት አለ። አንዳንድ የሞተርና የፕሮፔለር ጥምረት፣ ለምሳሌ የላይካሚንግ ኦ-360 አንዳንድ ሞዴሎች ከባለ ሁለት ብሌድ፣ የብሌድ ማዕዘኑ ከሚለዋወጥ የሃርትዜል ፕሮፔለር ጋር፣ በ2000 እና 2250 ዙር መካከል ለረጅም ጊዜ እንዳይሠሩ ታግደዋል። እዚያ ላይ የሞተሩ ምት ከብሌዱ የራሱ መርገብገብ ጋር ይገጥማል፤ ብረቱ ይደክማል፣ ወንበሩ ላይ ግን ምንም አይሰማም። ስለዚህ የዙር መቁጠሪያው ትክክል መሆኑ ከምቾት በላይ ነው። የቆየ ባለ ገመድ መቁጠሪያ 50 ወይም 100 ዙር ሊስት ይችላል፤ ፕሮፔለሩ ፊት የሚቆመው የብርሃን መቁጠሪያ ለባላንስ ሲወጣ አብሮ ይነጻጸርና ልዩነቱ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። በዚያው ገጽ ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ንባብ፣ ክብደቱና ቀዳዳው፣ ፕሮፔለሩ በፍላንጁ ላይ የተቀመጠበት አቅጣጫ ይመዝገብ፤ ፕሮፔለሩ በሌላ ጊዜ ተፈትቶ በሌላ ቀዳዳ ከገባ ያ ሁሉ ሥራ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።